ሳይጣበቅ የቀረው ሴራሚክ

ጋሽ ውሃልክ ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ወለሉን ነው። በሩ ላይ ቆም ይላሉ፣ አንገታቸውን ያዘነብላሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይመለከታሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብለው የቤቱን ሰው ጤንነት የሚጠይቁት። ሰፈራችን ስለለመደው ማንም አይቀየማቸውም። ነገር ሳይናገር ማሳለፍ የማይሆንለት ፀጉር አስተካካዩ ብቻ «ጋሼ፣ ወለሉ ደህና ነው፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን» ይላቸዋል።

ስማቸውን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። ሴራሚክ ነጣፊ ናቸው። ውሃልክ የሚባለውን መሣሪያ ያላየ የለም፤ ግንበኛም አናጺም ይይዘዋል። በመሃሉ ፈሳሽ ያለበት ጠባብ መስታወት አለ፣ በፈሳሹ ውስጥ ደግሞ አንዲት አረፋ። መሬቱ ከተስተካከለ አረፋዋ መሃል ላይ ትቆማለች፣ ካዘመመ ወደ አንዱ ወገን ትሸሻለች። ነፍስ የሌላት፣ የእህል ፍሬ የምታክል አረፋ ዓለም መጣመሙን ማወቋ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ጋሽ ውሃልክን ግን አይደንቃቸውም፤ አረፋዋን እንደ ሥራ ባልደረባ ነው የሚያዩዋት።

ሚስታቸው እትዬ ካውያ ላውንድሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናቸው። ባል ወለል፣ ሚስት ጨርቅ እያቃኑ ዕድሜያቸውን ገፍተዋል። በዚህ ከተማ በሁለቱ እጅ ያልተስተካከለ ነገር ቢኖር የራሳቸው ቤት ነው። የቤታቸው ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ያውም የተሰነጣጠቀ። እትዬ ካውያ «መቼ ነው የኛን የምትነጥፈው?» ሲሉ፣ ጋሽ ውሃልክ «ይሄን የያዝኩትን ልጨርስና» ይላሉ። ይህ ንግግር ከትዳራቸው ጋር እኩል አርጅቷል።

ጋሽ ውሃልክ ሙያውን የተማሩት አሁን በሕይወት ከሌሉ አንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ከሙያው ጋር አንድ ሕግ አውርሰዋቸዋል። የመጨረሻዋ ሴራሚክ አትጣበቅም። በሩ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በሚረግጥበት ቦታ፣ በደረቅ አሸዋ ላይ ተደላድላ ትቀመጣለች እንጂ ማጣበቂያ አይነካትም። የቤቱ ባለቤት በአካል ይመጣል፣ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ይራመድበታል፣ በገዛ አፉም «እጅህ ይባረክ» ይላል። ያኔ ሴራሚኳ ትነሳለች፣ ማጣበቂያ ይደረግላታል፣ ለዘላለም ትዘጋለች።

«ረግጦ ያልመረቀ ባለቤት ዞሮ ይከስሃል» ይሉ ነበር ሽማግሌው። ባለቤቱ ሳይሆን ነጣፊው ከሳሽ የሚሆንበት ቀን ይመጣል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም።

በመኖሪያ ቤቶች ሕጉ ችግር አምጥቶ አያውቅም። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሴራሚኩ ሳይደርቅ ነው መጥቶ የሚራመድበት፤ እንዲያውም ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በካልሲ ሲንሸራተቱበት ጋሽ ውሃልክ ስንቴ አይተዋል! ምርቃቱም ሳይለመን ይመጣል። ሴራሚኳ ከአንድ ቀን በላይ በአሸዋ ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

ኋላ ግን በዋናው መንገድ ዳር፣ መስታወት የለበሰው የገበያ ማዕከል ሲሠራ፣ የግራውንዱ ወለል በሙሉ ለጋሽ ውሃልክ ተሰጠ። የሕይወታቸው ትልቁ ወለል ነበር። ከመግቢያው ደረጃ ተነስቶ፣ በሱቆቹ መሃል አልፎ፣ እስከ ሊፍቱ በር የሚደርስ፣ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሜዳ። ጠዋት ፀሐይ በመስታወቱ በር ስትገባበት ዝናብ ያቆመ ሐይቅ ይመስላል። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ቢፈስስ ወዴት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ባለበት ይቆማል።

ሥራው ሲያልቅ፣ ዋናው በር አጠገብ አንዷን ሴራሚክ በአሸዋ ላይ አስቀመጡና መሐንዲሱን ጠሩት።

«ባለቤቱ ይምጣና ይየው።»

«እኔ አይቼዋለሁ እኮ።»

«አንተ ባለቤቱ ነህ?»

«ወኪሉ ነኝ።»

«ምርቃት በውክልና አይሆንም» አሉ ጋሽ ውሃልክ።

መሐንዲሱ ሳቀ። «እንግዲያው ጠብቁት» አለና ሄደ። እሳቸውም ጠበቁ። ሕንጻው ተመረቀ፣ ሱቆቹ ተከፈቱ፣ ባለሕንጻው መጥቶ ሪባን ቆርጧል ተባለ፤ በዋናው በር ሲገባ ያየው ሰው ግን አልተገኘም። ወራት አለፉ፣ ዓመታትም ተከተሉ። ጋሽ ውሃልክ በዚያ በኩል ባለፉ ቁጥር ጎራ ይሉና ሴራሚኳን በጫማቸው ጫፍ ነካ ያደርጓታል። የታመመ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ነበሩ። ንቅንቅ አትልም። «እሺ፣ እንግዲህ እንጠብቃለን» ብለው ይወጣሉ። ሞኝ የያዘውን አይለቅ የሚባለው ለክፉ ነው፤ እኔ ግን ለአንዲት ቃል ያን ያህል ዓመት መጠበቅ የሚችል ልብ ከምን እንደሚሠራ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የማይጠብቀው ውሃ ነው። የጽዳት ሠራተኞቹ በየማለዳው ወለሉን ያጥባሉ፣ ውሃውም በመጋጠሚያው እየሰረገ ከሥር አሸዋዋን ትንሽ በትንሽ ወሰደው።

አንድ ቀን እትዬ ካውያ ትዕግስታቸው አለቀ። «ሴራሚኩን ተወው። እኔ ምንጣፍ እገዛለሁ» አሉ፤ ጋሽ ውሃልክንም አስከትለው ሄደው፣ ከዚያው ከገበያ ማዕከሉ፣ ትልልቅ ቀይ አበባ የታተመበት ላስቲክ ምንጣፍ ገዙ። ጋሽ ውሃልክ ሽንፈታቸውን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ ተሸከሙት። ጥቅሉ ግራ ዓይናቸውን ጋርዶታል። ዕድሜ ልካቸውን መሬት መሬት ሲያዩ የኖሩት ሰው፣ በዚያች ቀን፣ በገዛ ወለላቸው ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እግራቸው ሥር ያለውን ሳያዩ ተራመዱ።

የዚያች ሴራሚክ አንዱ ጠርዝ ብድግ ብሎ ነበር።

አወዳደቃቸውን ያየው ጥበቃ ሲያወራ እጁን በአፉ ላይ ይጭናል። ጋሽ ውሃልክ በጉልበታቸው ተተከሉ፤ ምንጣፉ ከትከሻቸው አምልጦ፣ ደረጃ ደረጃውን እየተንከባለለ ተዘረጋና፣ ቀድመው የወጡት እትዬ ካውያ እግር ሥር ደርሶ ቆመ። ለትልቅ እንግዳ እንደሚነጠፍ ሆኖ። እትዬ ካውያ ዞር ሲሉ፣ በእነዚያ ቀይ አበባዎች ማዶ ባላቸው ተንበርክከዋል።

«ምን ሆነህ ነው? ልታገባኝ ነው እንዴ እንደገና?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን አዩና ጮኹ።

በማግስቱ የሕንጻው አስተዳደር በቦታው ላይ «ጥንቃቄ!» የሚል ቢጫ ሰሌዳ አቆመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳያቸው። የጉልበታቸው ሎሚ ለሁለት ተሰንጥቋል። «ጀሶው ያስቆምዎታል፤ ቀስ በቀስም ይራመዳሉ። መንበርከክ ግን ያለ ኦፕሬሽን አይታሰብም። አጥንቱ በሽቦ መታሰር አለበት።»

«ዶክተር» አሉ ጋሽ ውሃልክ፣ «እኔ ቆሜ የምሠራው ሥራ የለኝም።»

የኦፕሬሽኑ ዋጋ ሲነገራቸው ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ያን ያህል ገንዘብ የላቸውም። ከሆስፒታሉ በር ሲወጡ እትዬ ካውያ ቆም አሉ።

«እንከሳለን።»

«ማንን?»

«ወለሉን ነዋ! የወለሉን ባለቤት!»

ጠበቃውን የመረጡት እትዬ ካውያ ናቸው። የላውንድሪ ቤቱ ደንበኛ ነው፤ አንድ ኮት ብቻ ነው ያለው። «ኮቱ ቶሎ የሚያልቀው ብብቱ ሥር ነው። እጁን ሲያወራጭ ነው እንግዲህ። የሚከራከር ሰው ኮት ነው ይሄ» አሉ። ጠበቃው ቤታቸው መጣ፤ የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ላይ ወንበር ተሰጠው፤ እጁንም ማወራጨት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የንግድ ቤት ያለው ሰው፣ ገቢ ወጪው ሰው እንዳይጎዳ የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ወለሉ ጉድለት ነበረው፣ እርስዎም ወደቁ። በቃ!»

«ወለሉ ጉድለት የለውም» አሉ ጋሽ ውሃልክ።

«ታዲያ ምን ጣለዎት?»

ጋሽ ውሃልክ ጀሷቸውን አዩ።

«ለመሆኑ ያን ወለል የሠራው ማን ይሆን?» አለ ጠበቃው፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

«እኔ ነኝ።»

የጠበቃው እጅ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ካውያን አየ፣ ጋሽ ውሃልክን አየ፣ ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ማን ጠየቀዎት?»

«አንተ ነህ እንጂ።»

«አልጠየቅሁም። ሌላ ሰውም እስኪጠይቅዎት አይመልሱ። ከጠየቁዎትም መጀመሪያ እኔን ይዩኝ።»

ጠበቃው ከሄደ በኋላ እትዬ ካውያ የተተኮሱ ሸሚዞች ያጥፉ ጀመር። ጋሽ ውሃልክ ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አንድ ነገር ሊናገሩ አስበው ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያቺ ሴራሚክ አልተጣበቀችም ነበር።»

«ታዲያ! እሱን አይደል የምንከሰው?»

«እኔ ነኝ ያላጣበቅኋት።»

የእትዬ ካውያ እጅ ሸሚዙ ላይ ቆመ። «እንዴት?»

«አልመጣማ።»

«ማን?»

«ባለሕንጻው። መጥቶ አልረገጠም፣ አልመረቀም። የመምህሬን ሕግ ታውቂው የለ?»

እትዬ ካውያ ሕጉን ያውቁታል። በየቤቱ ከአንድ ቀን በላይ ቆይቶ እንደማያውቅም ያውቃሉ። ቁጭ አሉ። ሳቅና ልቅሶ ተሽቀዳድመው መጡባቸውና ሳቁ ቀደመ። «ሰው ለሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ሲገባበት ሰምቻለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «የኔው ጉድ ግን ቆፍሮ፣ ጠብቆ፣ ስንት ዓመት እየሄደ ጠይቆት፣ በመጨረሻ ምንጣፍ ተሸክሞ ይገባበታል! አንተ ሰውዬ፣ ምን ይሻልሃል?»

«እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው እኔ ልንገርህ። ይሄን ለኔ ነግረኸኛል፤ ከእንግዲህ አፍህን በዚያ በማጣበቂያህ ዝጋው። ጉልበትህ እስኪታሰር። ሰማኸኝ? ካወራህ ኦፕሬሽኑ የለም፤ ኦፕሬሽኑ ከሌለ ሥራህ የለም።»

«ብጠየቅስ?»

«ዝም አይነቅዝም።»

ክርክሩ የተሰማ ዕለት የሰፈራችን ሰው የኋላውን ወንበር ሞልቶት ነበር። የጋሽ ውሃልክ ጠበቃ ተነሳ፤ ካውያ የነካው ኮቱ ያብረቀርቃል።

«ክብርት ዳኛ፣ ይህ ወለል የግዴለሾች ሥራ ነው። የሠራው ሙያ በአጠገቡ ያላለፈ ሰው ነው። ዓይን ቢኖረው ኖሮ አይቶ ያስተካክለው ነበር። መሬት ላይ ሴራሚክ በትኖ ሄደ እንጂ አልነጠፈም!»

ጋሽ ውሃልክ ቀስ በቀስ ፊታቸው ጠቆረ። የተመቱ ይመስል ክራንቻቸውን ጨበጡ።

«ውሸት ነው!»

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከሳሽ፣ እየተናገረ ያለው የራስዎ ጠበቃ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ።»

«እንግዲያው ይናገርበት።»

ተናገረበት። ከሱ ቀጥሎ የባለሕንጻው ጠበቃ ተነሳች። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ የወለሉን ትልልቅ ፎቶግራፎች ይዛለች። «ክብርት ዳኛ፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ። መጋጠሚያዎቹ በክር የተሰፉ ነው የሚመስሉት። ከዳር እስከ ዳር አንድ ቦታ ላይ አልተዛነፉም። ይህን የሠራው እጅ ተራ እጅ አይደለም። ስንት ሺህ ሰው በየቀኑ የሚረግጠው ወለል እስከ ዛሬ አንድ ስንጥቅ የለውም። ችግሩ ከወለሉ አይደለም፣ ከተራማጁ ነው።»

ጋሽ ውሃልክ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የሰሟት አይመስለኝም። ፊታቸው እንደ ጠዋት በር ተከፍቶ፣ በየቃሏ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «አዎ» አሉ ጮክ ብለው፣ «ልክ ነሽ ልጄ!»

እትዬ ካውያ በጎናቸው በኩል ቆነጠጧቸው። ፀጉር አስተካካዩ ወደ እኛ ዞሮ «ጋሼ ጠበቃ ተሳስተው ነው የያዙት» አለ።

እውነቱን ነው። የራሳቸው ጠበቃ በሰደባቸው ቁጥር ወደ ኦፕሬሽኑ ይቀርባሉ፤ የባላጋራቸው ጠበቃ ባሞገሰቻቸው ቁጥር ከኦፕሬሽኑ ይርቃሉ። ሰው በስድቡ ሲድን፣ በሙገሳው ሲሰናከል ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። እሳቸው ደግሞ፣ ጉልበታቸው እየጠዘጠዛቸው፣ ጆሯቸውን የሰጡት ለሙገሳው ነበር።

ዳኛዋ ሁለቱ ጠበቆች ስለ አንድ ወለል እየተናገሩ መሆኑን ተጠራጠሩ። «ቦታው ሄደን እናየዋለን» አሉ። «ሁለቱም ወገኖች በአካል ይገኙ። ተከሳሽም ጭምር። በወኪል አይሆንም።»

ይህን ሲሰሙ ጋሽ ውሃልክ ቀና አሉ።

የጉብኝቱ ዕለት ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ ነበር። ወለሉ ታጥቦ በከፊል ደርቋል። ቢጫው ሰሌዳ እንደቆመ ነው፣ በዙሪያው ዳኛዋና ጸሐፊያቸው፣ ሁለቱ ጠበቆች፣ ጋሽ ውሃልክና እትዬ ካውያ፣ ትንሽ ራቅ ብለን እኛ። ሁላችንም ዋናውን በር እያየን ባለሕንጻውን እንጠብቃለን። በልባችን የሳልነው ወፍራም፣ ባለ ወርቅ ሰዓት ሰው ነው።

ከኋላችን የሊፍቱ ደወል ተሰማ። በሩ ተከፈተና አንድ ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሹራብ የለበሰ ሰው ብቅ አለ። ጫፉ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ፣ ጥልቅ ይሁን አይሁን ያላወቀው ውሃ ዳር የደረሰ ይመስላል።

«በዋናው በር ነበር የጠበቅንዎት» አሉ ዳኛዋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። በዚያ በር ገብቼ አላውቅም።»

«በራስዎ ሕንጻ?»

«መኪናዬን ቤዝመንት አቆማለሁ፣ በሊፍት ቢሮዬ እወጣለሁ። ስወርድም እንደዚያው ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

ጋሽ ውሃልክ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ያን ሁሉ ዓመት ሰውየው አልቀረም ነበር! ከሥሯ ገብቶ ከላይዋ ይቀመጥ ነበር፤ ጋሽ ውሃልክ ሴራሚኳን በጫማቸው ሲነኩ፣ ምናልባት በዚያችው ደቂቃ፣ እሱ በግድግዳው ውስጥ ሽቅብ ያልፍ ነበር።

«እስቲ ይራመዱበት» አሉ ዳኛዋ። «እዚያ ድረስ ሄደው ይመለሱ። ለተራማጅ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ።»

ባለሕንጻው ተራመደ። መጀመሪያ በጥንቃቄ፣ ኋላ ዘና ብሎ። ከሊፍቱ ወደ መጨረሻው ሱቅ፣ ከዚያ በግድግዳው ጥግ ወደ በሩ። ፀሐይ በመስታወቱ ገብታ ስለነበር ጥላው ከኋላው ይከተለዋል፣ አንድም ቦታ ሳይሰበር፤ ወለል ካልተስተካከለ ጥላ ይሰበራልና። መሃል ላይ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ እንደገና አደረገ።

«ይሄ የኔ ነው?» አለ። ወደ በሩ መጥቶ፣ ቢጫውን ሰሌዳ ገፋ አድርጎ፣ ያቺን ሴራሚክ ረገጣትና፣ ለችሎቱ ሳይሆን ለራሱ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ይሄን የሠራው ሰው፣ እጁ ይባረክ።»

«ይመዝገብልን!» አለች የባለሕንጻው ጠበቃ ፈጥና።

«ተቃውሞ አለኝ!» አለ የኛው።

«ምርቃቱን ነው የሚቃወሙት?» አሉ ዳኛዋ።

እትዬ ካውያ ወደዚያ አላዩም። እያዩ ያሉት የባላቸውን ፊት ነው። እጅጌያቸውን ያዙ። «ተው። አደራህን ተው። ጉልበትህን አስብ።»

«መጣ እኮ» አሉ ጋሽ ውሃልክ በሹክሹክታ። «ረገጠ፣ መረቀ። አሁን ምን ብዬ ዝም ልበል?»

«ምንም ሳትል ነው ዝም የሚባለው!»

እጅጌያቸውን ግን ለቀቁላቸው። ለምን እንደለቀቁ ኋላ ስንጠይቃቸው «ባልለቀውም ይሄድ ነበር፤ ኮቱ ይቀደድብኝ ነበር» አሉን።

ጋሽ ውሃልክ በክራንቻቸው ወደ ፊት ወጡ። «ክብርት ዳኛ፣ ወለሉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ያቺን ሴራሚክም ሳላጣብቃት የተውኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ የመምህራቸውን ሕግ፣ መሐንዲሱን፣ የጠበቁበትን ዓመታት ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ጠበቃቸው እጁን ለማወራጨት እንኳን አቅም አልነበረውም። የባለሕንጻው ጠበቃ ፎቶግራፎቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቀረች። ለባላጋራዋ ስታደርስ የከረመችውን ሙገሳ አሁን ማን ይመልስላታል?

ጋሽ ውሃልክ ሲጨርሱ ወደ ባለሕንጻው ዞሩ። «አሜን» አሉ። «ቆይተው ነው የመጡት እንጂ፣ አሜን።»

ፍርዱ ሲሰጥ ዳኛዋ አላስረዘሙትም። «ተከሳሽ በገዛ በራቸው ገብተው አያውቁም፤ ገብተው ቢሆን ጉድለቱን ያዩት ነበር። ከሳሽ ደግሞ ያልጨረሱትን ሥራ ለሕዝብ እግር ትተዋል። ጥፋቱ እኩል ነው። የሕክምናው ወጪ ለሁለት ይከፈል። ሴራሚኳም ሌላ ሰው ሳትጥል በአስቸኳይ ትዘጋ።»

ፀጉር አስተካካዩ ከችሎት ስንወጣ «ጋሼ፣ ሎሚዎ ለሁለት ተሰንጥቆ አልነበር? ፍርድ ቤቱ አንዱን ስንጣቂ መለሰልዎት» አለ። ማንም አልሳቀም። ሆስፒታሉ ግማሽ ኦፕሬሽን እንደማይሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ቀሪውን ግማሽ ከየት እንደሚያመጡት እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንለትም። እትዬ ካውያ እስከ ቤታቸው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ይህም ጋሽ ውሃልክን ከፍርዱ ይልቅ አስፈራቸው።

ባለሕንጻው ሴራሚኳን ሌላ ሰው እንዲነካት አልፈለገም። «ራሳቸው ይዝጓት» ብሎ ላከ። በማግስቱ ጋሽ ውሃልክ ማጣበቂያቸውንና የጎማ መዶሻቸውን በከረጢት አንጠልጥለው ሄዱ። ደረሱ፣ ሰሌዳውን አነሱ፣ ወለሉን አዩ። መንበርከክ እንደማይችሉ ያስታወሱት ያኔ ነው ብል ማን ያምነኛል? ግን እንደዚያ ነው የሆነው። አካላቸው ወደ ታች ሄደ፣ ጉልበታቸው እምቢ አለ፣ በክራንቻው ተንጠልጥለው ቀሩ።

«ወዲያ በል!»

እትዬ ካውያ ከላውንድሪ ቤቱ ሽርጣቸውን እንኳን ሳያወልቁ መጥተዋል። ከረጢቱን ከእጃቸው ቀሙና ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ልተኩሳት ነው! ምን ልሠራ መሰለህ? ንገረኝ እንጂ።»

«አሸዋውን ጥረጊው። ሁሉንም። ከጥጉም… አዎ። አሁን ማጣበቂያውን ቀቢ። አታብዢው።»

«አላበዛሁም።»

«አብዝተሻል።»

«ሰውዬ!»

«ይሁን፣ ይሁን። አስቀምጫት። ቀስ። አሁን በመዶሻው፤ ከመሃል ወደ ዳር። እንደሱ አይደለም፣ እየዳበስሽ ነው እንጂ። ሸሚዝ ነው ብለሽ አስቢው።»

እትዬ ካውያ ይህን ሲሰሙ እጃቸው ተለወጠ። የኮሌታ ጫፍ እንደሚያቃና እጅ፣ ሳያጠብቁ ሳያላሉ፣ ከመሃል ወደ ዳር ሄዱ። የመዶሻው ድምጽ መጀመሪያ ባዶ ነበር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሞላ፤ ውሃ የሚቀዳበት ማሰሮ አፉ ድረስ ሲደርስ እንደሚያሰማው። ጋሽ ውሃልክ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ውሃልኩን ሰጧቸው። እትዬ ካውያ ሴራሚኳ ላይ አስቀመጡት፤ አረፋዋ ትንሽ ዋለለችና መሃል ላይ ቆመች።

የሱቅ ሰዎች ዙሪያቸውን ከበዋል። ጋሽ ውሃልክ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አዩ። ስህተት ፈለጉ። ሚስታቸው እየጠበቁ መሆኑን አወቁ፤ መጠበቅ ምን እንደሆነ ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ።

እትዬ ካውያ የባላቸውን ክራንች ይዘው እየተንጠራሩ ተነሱ።

«እጄን ተወው» አሉ፤ «ጉልበቴን ነው ያመመኝ።»